ደጃችን ላይ የተነጠፈው ሳር

ላንቴ፣ ኅዳር 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሼ አስናቀ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጠይቅህም። ባለፈው ደብዳቤህ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አዲስ አበባ ብርድና ስለ አለቃህ ኩርፊያ ነግረኸኛል፤ ደህና ያልሆነ ሰው ስለ ብርድ ሦስት ገጽ አይጽፍም። ለአባባ እንደ ልማዴ አነበብኩላቸው፤ የሚያሳዝናቸውን እየዘለልኩ፣ የሚያስቃቸውን ሁለት ጊዜ እየደገምኩ። "ልጄ ከስቷል ማለት ነው" አሉ። አልከሳም ብያቸዋለሁና እንዳታሳፍረኝ ብላ።

ስልክ ስትደውል አባባ ለምን ቶሎ እንደሚዘጉብህ፣ ከጀርባቸው የሚሰማው የወንድ ድምፅም የማን እንደሆነ ጠይቀሃል። የሙዝ ሠራተኛ አስገብተዋል። ለጊዜው ይህን ያዝልኝ። በስልክ ብዙ የማላወራህም ለዚሁ ነው። ስልኩ አባባ ኪስ ውስጥ ነው፤ አባባ ደግሞ አሁን አሁን ብቻቸውን አይቀመጡም። እንደ ድሮው ደብዳቤ ይሻለናል፤ ሹፌሩ ብርሃነመስቀል በአውቶቡሱ ያደርስልኛል።

ስለ ሀሌሉያ የሰማኸው እውነት ነው። ታውቃታለህ፣ እኔ አንደኛ "ሀ"ን፣ እሷ አንደኛ "ለ"ን ነው የምናስተምረው። ጉታ የሚባል ሰው ላግባሽ ብሏት እምቢ አለችው። ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የእግር መንገድ ጠብቆ በገጀራ መታት። ትከሻዋን ነው ያገኛት፤ ተርፋለች፤ እናቷ ወደ ጨንቻ ወስደዋታል። እኔ ማንጎ የሞላ ዘንቢል ይዤ ነበር። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲዘጋ እንኳ ዘንቢሉን አልጣልኩትም ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ። ያየሁትን ለፖሊስ ተናግሬ ፈርሜያለሁ። ከእኔ ሌላ ያየ ሰው የለም።

ጉታ በታሰረ በዘጠነኛው ቀን በሰው ዋስ ወጣ። ትናንት ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ "መምህርት፣ ደህና ዋልሽ?" አለኝ። ዛሬም እንዲሁ። አንተ የዋስትና ሕግ ይሻሻል እያሉ ረቂቅ ከሚጽፉት ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ትጋራለህ አይደል? እስኪ ጠይቅልኝ፤ የምትመሰክርበትን ሴት በየቀኑ ደህና ዋልሽ የሚል ሰው ሕጉ ምን ይለዋል? ፈርቻለሁ ጋሼ። እየቀለድኩ ስለጻፍኩ እንዳትታለል።

እህትህ ፀደይ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 17 ቀን 2003 ዓ.ም.

ፀዲዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ስብሰባ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ደብቄ አነበብኩት። ይቅር በዪኝ። አንቺ ይህን ተሸክመሽ እኔ ስለ ብርድ ስነጫነጭብሽ ነበር።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ዋስትና መብት ነው። ያልተፈረደበት ሰው ሁሉ ታስሮ ይቆይ ካልን፣ ነገ አንድ ሰው በሐሰት ቢከሳቸው አባባም ታስረው ይቆያሉ። ይህን የምልሽ ጉታን ልከላከልለት አይደለም፤ የሥራዬ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ዳኛው ተከሳሹ ቢወጣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያስፈራራል ብሎ ካመነ ዋስትና መከልከል ይችላል። ግን የሚያምነው ፊቱ የቀረበለትን ነው። ዐቃቤ ሕጉ "ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም" ካለ፣ ሰውየውም ቀጠሮ የሚያከብር ከሆነ፣ ዋስ ጠርቶ ይወጣል። እኛም በረቂቁ የምንጨቃጨቀው እዚሁ ላይ ነው። እየደጋገመ ሰው የሚጎዳውን ከሌላው የምንለይበት መንገድ የለንም፤ አንዱ ፍርድ ቤት የሌላውን ፋይል አያይም።

ሁለት ነገር ጻፊልኝ። ጉታ ከዚህ በፊት ሰው ጎድቶ ያውቃል? ዋሱስ ማን ነው? ዋስ የሆነ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ "ከዋስነት ልውረድ" ብሎ ማመልከት ይችላል። ጉታ ሌላ ዋስ ካላገኘ ተመልሶ ይገባል። ሰውየውን አግኝተሽ ለምኚው። ሰው ነው፣ ይገባዋል።

ወንድምሽ አስናቀ


ላንቴ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በመጨረሻ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር አልኩ። ዋሱ አባባ ናቸው።

ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥህ ነገርኩህ፤ ይቅርታ። አምስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። ሳሩን ደጃችን ላይ አንጥፈው ተንበረከኩ። ሁለቱ ጨንቻ ሳሉ ከአባባ ጋር ሸማ የሠሩ ሰዎች ናቸው። "የሀሌሉያ እናት ታርቀዋል። ልጁ ተጸጽቷል። ሰው ነው ያጣው፤ አንተ ያዘው" አሏቸው። የተነጠፈን ሳር ተሻግሮ መሄድ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አንተም አትረሳውም። ጎሜ ነው፤ እርግማኑ ቤት ያፈርሳል፣ ልጅ ላይ ይደርሳል ይላሉ። አባባ ከሳሩ ቆንጥረው አነሱ። በቃ፣ ተቀበሉ ማለት ነው። በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄደው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። "ዋስ የሆንኩለት ሰው ከዓይኔ አይርቅም" ብለው ግቢያችን አመጡት። የሙዝ ሠራተኛ ያልኩህ ጉታ ነው። አንተ ትተኛበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው የሚተኛው። ሙዙን የሚቆርጥበትን ገጀራ የሰጡት አባባ ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ልምጣ። ሀሌሉያን ልጠይቅ ብዬ ጨንቻ ወጥቼ ነበር። "አልመሰክርም፣ እማዬ ሳር ተቀብላለች" አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ጎረቤቶቿ ግን አወሩልኝ። የዛሬ አራት ዓመት እዚያው ጨንቻ የእህቱን ባል አሸናፊን በመጥረቢያ መትቶታል። ከዚያ አርባ ምንጭ መናኸሪያ በርናባስ የሚባል ጫኝ በቢላ ወግቷል። ሁለቱም ጊዜ ሽማግሌ ገባ፣ ሳር ተነጠፈ፣ ተበዳይ ክሱን ተወ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ስለዚህ ጉታ በፋይል ከሄድክ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው። ሦስት ጊዜ የመጀመሪያ።

አባባን እንዳልከኝ ለመንኳቸው። "ሳር ተቀብዬ?" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "እኔ እኮ ዋስ የሆንኩት ሰው እንዳይነካ ነው ፀደይ። ወር ከምናምን ሆነው፤ ማንን ነካ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማንንም አልነካም። በቀጠሮ ቀን ከአባባ ቀድሞ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ከዘራቸውን ይዞ ይጠብቃቸዋል። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት አባባ በሌሉበት ደጅ ተቀምጦ ገጀራውን እየሳለ፣ "መምህርት፣ ኩልፎ ጋ ያየሽውን አሁንም ታስታውሺዋለሽ?" አለኝ። "እኔ የተማሪዎቼንም ስም እረሳለሁ" አልኩት። ሳቀ። ጋሼ፣ ምን ላድርግ? በሕግ አንቀጽ አትመልስልኝ። ምን ላድርግ?

ፀደይ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ፀዲዬ፣

ይህ በደረሰሽ ቀን ከዚያ ግቢ ውጪ። ልብስ አልያዝኩም፣ ደብተር አልያዝኩም እንዳትዪ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ጓደኛሽ ዘቢደር ዘንድ ሂጂ፤ የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ የምትተኚበት አታጣም። ትምህርት ቤት ከእሷ ቤት መመላለስ ትችያለሽ።

አባባ ላይ ተቆጥቼ ስልክ ላይ ልጮህ ነበር፤ ማን አጠገባቸው እንደተቀመጠ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። ስለዚህ ለእሳቸው ለብቻ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እንዳንቺ ማባበል አላውቅበትም፤ ሁሉንም በግልጽ አስቀምጬዋለሁ። የአሸናፊን፣ የበርናባስን፣ ጨንቻ ድረስ ሄደሽ እንዳጣራሽ፣ በጥር ቀርበሽ እንደምትመሰክሪ፣ በእሱ ምክንያት ዘቢደር ቤት እንደገባሽ። እንግዲህ ሁለት ልጆች ነው ያለዎት፣ ከሳሩና ከልጅዎ ይምረጡ፣ ከዋስነት ይውረዱ ብያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለአባቴ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ብርሃነመስቀልን በሌላ ሰው እጅ እንዳትሰጥ፣ በእጃቸው አድርስ ብዬዋለሁ።

ዘቢደር ዘንድ መግባትሽን በሁለት መስመር አሳውቂኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆናል።

አስናቀ


አዲስ አበባ፣ ጥር 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ፀደይ፣

ሁለት መስመር ነበር የለመንኩሽ። የገና ዕለት ስደውል የአባባ ስልክ ዝግ ነው፤ ትናንትም ዝግ ነው። ብርሃነመስቀል ደብዳቤውን በእጃቸው ሰጠኋቸው፣ ስመው ኪሳቸው ከተቱት ይላል። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ወይም አውቆ ሊነግረኝ አልፈለገም። ፊቱን ሲያዞርብኝ አየሁ።

ትናንት ቢሮ ተቀምጬ አንድ ሰነድ ሳነብ እጄ ቆመ። አባባ ማንበብ አይችሉም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩላቸው ሁሉ በአንቺ አፍ ስለሚደርሳቸው፣ እንደሚያነቡ ሰው ለምጃቸው ኖሯል። አንቺን ከቤት ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። ታዲያ ማን አነበበላቸው?

ፀዲዬ፣ እባክሽ። ማን ነው ያነበበላቸው?

አስናቀ


አርባ ምንጭ፣ ጥር 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እጅ ጽሑፉ የዘቢደር ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። ዛሬ ጥምቀት ስለሆነ ታቦቱ ሲያልፍ ዝማሬው ይሰማናል። እሷ መውጣት አምሯት እያለ ለእኔ ብላ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ ባትጽፍ ደስ ባለኝ፣ ግን አማራጭ የለኝም።

አዎ፣ እሱ ነው ያነበበላቸው። አባባ ይዘውት ወደ እኔ ሊመጡ ነበር። የአንተን ቃል ለመስማት ቸኮሉ። "አንተ ስምንተኛ ክፍል ደርሰሃል አሉ፤ እስኪ አንብብልኝ" አሉት። አባባ እንደሚሉት አንድም ቃል አልዘለለም። የአሸናፊን አነበበ፣ የበርናባስን አነበበ፣ እኔ እንደምመሰክር አነበበ፣ የት እንደምተኛ አነበበ፣ "ከዋስነት ይውረዱ" የሚለውንም አነበበ። ሲጨርስ አጥፎ በሁለት እጁ መለሰላቸውና "አባባ፣ ልጅዎ ጥሩ ይጽፋል" አላቸው። አባባ አፍረው፣ "የልጅ ነገር ነው፣ አትቀየመው" አሉት። ያንን ሁሉ ዓመት እየዘለልኩ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እሱ አልዘለለም።

የሆነውን አልጽፍልህም። ታኅሣሥ 27 ቀን ነው፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ። ቀኝ እጄ አልተቆረጠም፤ ጣቶቹ ግን አይታዘዙኝም። ሐኪሙ ጊዜ ስጪው ይለኛል፣ ዓይኔን ሳያይ። ቾክ ሊይዝ የማይችል እጅ ምን ያደርግልኛል? ተማሪዎቼ መጥተው ነበር። አንዷ ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ እኔ ልጻፍልሽ፣ አንቺ ተናገሪ" አለችኝ። እሷ ከወጣች በኋላ ነው ያለቀስኩት።

ጥፋቱ የእኔ ነው ልትለኝ ነው፤ አውቃለሁ። ተናድጄብሃለሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩብህ። ደግሞ ከአንተ ሌላ የምጽፍለት የለኝም።

ጉታ አላመለጠም። ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ዋስትና ጠይቋል፤ ጥር 24 ይታያል። እኔ ስላልሞትኩ አይከለከልም ይላሉ። ሽማግሌዎቹም ከአሁኑ አባባ ጋር ይመላለሳሉ። ዋስ እንዲሆኑ የሚፈልጉት እንደገና እሳቸውን ነው። የተጎጂዋ አባት ራሳቸው ዋስ ከሆኑ የትኛውም ዳኛ አያንገራግርም ብለው ነው።

ፀደይ


አዲስ አበባ፣ ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም.

እህቴ፣

ልጽፍ ስቀመጥ ብዕሩን እፈራዋለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፌ አየሁት፤ ትንሽ ሆነብኝ።

ስለ ረቂቁ ልንገርሽ። ሰኞ በስብሰባው ላይ ተነስቼ፣ በዕርቅ የተዘጉ የአካል ጉዳት ፋይሎች በአንድ መዝገብ ይያዙ፣ ዋስትና ሲጠየቅም ዳኛው ይያቸው አልኩ። አንዱ ዕርቅን ታፈርሳለህ አለኝ። ሌላው ያልተፈረደበትን ሰው እንደ ወንጀለኛ ልትመዘግብ ነው አለኝ። ድሮ እኔም እንደሱ ነበር የምለው፤ ሙሉ ስሕተት አይደለም። አለቃዬ ምሳሌ አለህ ወይ አሉኝ። የእህቴ እጅ አለ ልል አፌን ከፈትኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። "በጥናት ይታይ" ተብሎ አለፈ።

እመጣለሁ። አትምጣ ትዪኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከጥር 28 በፊት አንለቅህም ብለውኛል። እስከዚያ አባባን እንዴት እንደማናግራቸው ንገሪኝ። የምጽፍላቸው ነገር የለኝም።

አስናቀ


ላንቴ፣ ጥር 25 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን የጻፍኩት በግራ እጄ ነው። ዘቢደር ልጻፍልሽ አለች፣ እምቢ አልኳት። ፊደሌ ካስቀየመህ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት በለኝ።

ጉታ ስለታሰረ ወደ ቤት ተመልሻለሁ። ትናንት ጠዋት ለፍርድ ቤት ስነሳ አምስቱ ሽማግሌዎች ደጃችን ላይ ነበሩ። ሳሩ ተነጥፏል፣ ጤዛው አልረገፈም። ተንበርክከዋል። ትልቁ "ልጄ፣ በአባትሽ ዕድሜ አትሻገሪው" አሉኝ። አባባ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆመዋል።

ጫማዬን አወለቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ተሻገርኩት። ብርዱ እግሬ ላይ እስካሁን አለ። አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሰላም አላለኝም።

ፍርድ ቤት ደርሼ ስቀመጥ አባባ ገቡ። ልብሳቸው ሁሉ የሙዝ ቅጠል ነው። ሳሩን አልተሻገሩም፣ አልተቀበሉምም። በጓሮ ዞረው፣ የራሳቸውን አጥር ጥሰው ነው የመጡት።

ዐቃቤ ሕጉ ጉታ ከዚህ በፊት የተፈረደበት ጥፋት የለም አለ። ተነሳሁ። አሸናፊ፣ በርናባስ፣ ሀሌሉያ፣ እኔ አልኩ። እጄን አሳየሁ። ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ከዚያ "አቶ ካሱ፣ ዋስ ይሆናሉ?" ብለው ጠየቁ።

አባባ ቆሙ። "ባለፈው አውራ ጣቴን ያሳረፍኩበት ወረቀት ምን ይላል?" አሉ። ጸሐፊዋ አነበበችላቸው። በቀጠሮው ቀን ላቀርበው ይላል። "ሰው እንዳይነካ የሚል የለውም?" አሉ። የለውም አሏቸው። "በየቀጠሮው አቅርቤዋለሁ፤ ሌላው አልተጻፈም ማለት ነው" ብለው ተቀመጡ። እሺም እምቢም አላሉም። ጉታ ዞር ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸው።

ዳኛዋ የተዘጉት ፋይሎች ከተገኙ ይቅረቡ ብለው ለዓርብ ቀጠሩ። እስከዚያ እሱ እስር ቤት ነው። ዓርብ ፋይሎቹ ካልመጡና አባባ እሺ ካሉ ይወጣል። ሳሩ አሁንም ደጃችን ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አዲስ ያነጥፋሉ። ዓርብ እንደገና እሻገረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የት እንደምገባ አላውቅም።

አባባን እንዴት እንደምታናግራቸው ጠይቀሃል። ትንሽ ጠብቅ። ትናንት ከፍርድ ቤት እንደተመለስን የተማሪዎቼን ሰሌዳ አምጪ አሉኝ። ከእንግዲህ ማንም ሰው አያነብልኝም አሉ። ዓርብ ወረቀቱ ሲቀርብላቸው አውራ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት እንዲለዩት ብዬ መጀመሪያ "ዋስ" የሚለውን በግራ እጄ ጻፍኩላቸው። እያዩ ከሥሩ ጻፉት። ዛሬ ደግሞ "ያንቺስ ስም እንዴት ነው?" አሉኝ። ጻፍኩላቸው።

ይኸው ሁለቱን ቃላት ፊታቸው አድርገው ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። ምሳ አልበሉም። አንዱን በጣታቸው ይነኩና ወደ ሌላው ያያሉ።

ፀደይ